የሚፈርሰውን ቤት አሳምሮ ስለመሸጥ

ቤትዎን ሊሸጡ መሆኑን ሰምተናል። እንኳን ደስ ያለዎት ይባል ወይስ እግዜር ያጽናናዎት የሚለውን የሚወስነው የመሸጫው ምክንያት ስለሆነ ሁለቱንም ለጊዜው እናቆያቸው። ምክንያቱን እኛ አንጠይቅም፤ ሰፈሩ ጠይቆ፣ ራሱ መልሶ፣ ፍርዱንም ሰጥቶ ጨርሷል። ከፊሉ ልጃቸው ካናዳ ሊወስዳቸው ነው ይላል፤ ከፊሉ ዕዳ ነው ይላል፤ ከምራታቸው ጋር ስላልተስማሙ ነው የሚልም አልታጣም። እኛን የሚያሳስበን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቱ ለገዢ ዓይን እንዲሞላ ማድረግ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸጡትን ይወቁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠው ቤት እንጂ መሬት አይደለም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኗል፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 ላይ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጎ በሩን ዘግቶታል። ስለዚህ አንድ ሰው ቀበና ላይ አራት መቶ ካሬ ግቢ ውስጥ ለተቀመጠ፣ ጣሪያው ለሚያፈስ፣ ግድግዳው ጭቃ ለሆነ ባለ ሦስት ክፍል ቤት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ሲያወጣ፣ በሕግ ፊት የከፈለው ለጭቃው፣ ለቆርቆሮውና ለሦስቱ ክፍሎች ነው። መሬቱ ዝም ብሎ ቤቱን ተከትሎ ሄዷል። ገዢው ደግሞ ውሉ በተፈረመ ማግስት ቤቱን አፍርሶ ጂ ፕላስ አራት ያቆማል። ኃላፊነትዎ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ልብ ይበሉ። ነገ ለሚፈርስ ቤት ዛሬ ያን ሁሉ ሚሊዮን የሚያወጣ መልክ መስጠት አለብዎት። እርስዎ ካልቀቡት፣ ካላጸዱትና ካላሳመሩት ሰው መሬት የተሸጠ ሊመስለው ይችላል፤ እግዜር አያድርገውና!

ሥራው ከግቢው በር ይጀምራል። ገዢ ለተሰነጠቀ ሳሎን ልብ አለው፤ የዛገ በር ሲያይ ግን የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ይመለሳል። ስለዚህ በሩን ያስቀቡ። የቀለሙን ዓይነት በስሜት አይምረጡ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያለውን ሕንፃ ወደ ግራጫና ወደ ግራጫ ዘመዶች መልሶታል። በአንድ ጊዜ ሁለት መልእክት ስለሚያስተላልፍ እርስዎም ግራጫ ይቀቡ፤ አንደኛው “እኛም ከዘመኑ ጋር ነን” የሚል ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ “ይኸው ተርፈናል” የሚል። ሁለተኛው ይበልጣል። የዛሬ ገዢ ገና ከመኪና ሳይወርድ የሚጠይቀው ስንት መኝታ አለው ብሎ ሳይሆን “መንገድ ይነካዋል?” ብሎ ነው። በሙሉ ልብ “አይነካውም” ይበሉት። ማን እንደነገረዎት ቢጠይቅዎ ቀና ብለው ወደ አስፋልቱ ይመልከቱና “ይኸው ስንት ዓመታችን!” ይበሉ። ማስረጃ ላይሆን ይችላል፤ አነጋገሩ ግን የማስረጃ ክብደት አለው።

ቀጥሎ ግድግዳው ነው። እርጥበት ያለበት ቤት የሚሸጠው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤቱን የሚያስጎበኝ ሻጭ ወይ ሐቀኛ ነው ወይ ክፉኛ ተቸግሯል፤ ገዢ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ዓይን አይቶ ዋጋ ይሰብራል። እርስዎ ክረምቱን በትዕግሥት ይለፉ። ኮርኒሱ ላይ የሠፈረው ቡናማ ካርታ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ መስከረም ላይ ስቱኮ ይግባ፤ ጥቅምት ላይ ይቀባ፤ ኅዳር ላይ ጠዋት ፀሐይ ሳሎን ስትገባ ገዢ ይጠራ። ቀለም የማያሸንፈው እርጥበት ካለ ቡፌውን ወደዚያ ያስጠጉ። እርጥበቱ ከቡፌው የሚበልጥ ከሆነ ከእኅትዎ ቤት ቁም ሣጥን ይዋሱ። የሕግ ሰዎች ግን በዚህ ምክራችን ላይ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ እያወቀ የደበቀውን ጉድለት ዝም ብሎ አያልፍምና፣ ጎበዝ ጠበቃ ካለው ገዢ ጋር ከገጠሙ ያ ቁም ሣጥን ከዕቃነት ወደ ማስረጃነት ያድጋል። አውቀው ይዋሱ።

ገዢ ብቻውን እንደማይመጣ ይዘጋጁበት። “መሐንዲስ” ይዞ ይመጣል። ይህ መሐንዲስ አብዛኛውን ጊዜ የሚስቱ ወንድም ነው፤ ምህንድስና ተምሮ ሳይሆን የራሱን ሰርቪስ ሲያሠራ ከአናጺና ከግንበኛ ጋር ስድስት ወር ተጨቃጭቆ ማዕረጉን በላቡ ያገኘ ሰው ነው። ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ከዚያ “እም...” ይላል። ምን እንደሰማ ለማንም አይናገርም። ከወለሉ ላይ ብይ ወይም እስክሪብቶ አንከባሎ ወዴት እንደሚሄድ ያያል፤ በሚሄድበትም አቅጣጫ ራሱን ይነቀንቃል። ይህች “እም” ብቻዋን የምታስቀንሰው ገንዘብ ከጠቅላላው የቀለም ወጪዎ ይበልጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ገና ከበር ሲገባ “ኢንጂነር፣ እርስዎ ያውቁታል እንጂ እኛ ምን እናውቃለን” ይበሉት፣ ወንበርም ለእሱ ያስቀድሙ። ከዚያ በኋላ ሊያጣጥለው የሚነሣው ቤት “እርስዎ ያውቁታል” የተባለበት ቤት ስለሚሆን ልቡ ይከፈላል።

ወደ ሳሎን እንግባ። ይህን ሥራ አሜሪካኖች ሙያ አድርገውታል። ባርብ ሽዋርዝ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1972 ሲያትል አካባቢ እንደጀመረችው ይነገርላታል፤ የሚሸጠውን ቤት ከባለቤቱ ኮተት አጽድቶ፣ የተከራዩትን ሶፋ ደርድሮ፣ አበባ አቁሞ ማሳየት። ዋናው ትእዛዛቸው “የቤተሰብ ፎቶ አውርዱ” ነው፤ ገዢው ራሱን እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንዲያስብ ይፈለጋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ላይ ቤቱን የሚሸጥ ወገናችን ሪልተሩ አበሻ ቢሆንም ይህ ትእዛዝ አይቀርለትም፤ ሥዕለ አድኅኖው፣ የሠርጉ ፎቶ፣ መሶቡ ሁሉ በካርቶን ታሽጎ ጋራዥ ይገባል። የሽንኩርቱና የበርበሬው ሽታ ከመጋረጃው እስኪወጣ ድረስም ወጥ የሚሠራው ዘመድ ቤት እየሄደ ነው። እዚያ ያለው ገዢ ማንም ያልኖረበትን ቤት ይፈልጋል።

የእኛ ገዢ ግን ማን እንደኖረበት ሳያውቅ ቀብድ አይሰጥም። የሚገዛው ገድ ነው። ገድ ያለው ቤት መሆኑን የሚያረጋግጠውም ከግድግዳው ነው። ስለዚህ ፎቶ አያውርዱ፤ ያስተካክሉ። የምርቃት ፎቶዎች በዓይን ትክክል፣ ከበሩ ፊት ለፊት ይሰቀሉ፤ ጋዋን የለበሱ ሦስት ልጆች የወጡበት ቤት ከሴራሚክ ወለል ይበልጣል። የሠርጉ ፎቶ ባለትዳሮቹ አሁንም አብረው ካሉ ይቆይ። ሜኒሶታ ላይ በረዶ ውስጥ መኪና ተደግፎ የቆመ ልጅ ካለዎት ፎቶውን ያስፋፉት፤ ከዚህ ቤት ሰው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች እንደማይሄድ ያሳያል። በአንጻሩ ጥቁር ሪባን ያጠለቀው ትልቁ የአባትዎ ፎቶ ለጥቂት ሳምንት መኝታ ቤት ይረፍ፤ ነፍስ ይማር። ገዢው “እኚህ ማን ናቸው?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ከዚያ “ምን ሆነው ነው?” ይመጣል፤ ከዚያ “እዚሁ ቤት ነው?” ይመጣል፤ ከዚያ ስለ ቤቱ የሚወራ ነገር አይኖርም።

ስለ ቀሪው ዕቃ ብዙ አንልም። ኤል ቅርጽ ያለው ሶፋ አጠገብ ሌላ ሶፋ፣ ሌላው ሶፋ አጠገብ ባለ መስተዋት ጠረጴዛ ካለዎት ሳሎኑ ውስጥ ሰው የሚራመደው በጎኑ ነው፤ አንዱን ያውጡ። ሁሉም ነገር ላይ ያረፈውን ዳንቴል ያንሡ፤ ቴሌቪዥን አይበርደውም። ቡፌው ውስጥ ያሉት፣ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ሃያ ዓመት ያልተነኩ ስኒዎች ግን አሁን ይውጡ። እንግዳው መጥቷል።

ውኃና መብራት ላይ ሰፋ አድርገን እንነጋገር፤ ቤት የሚሸጠውም የሚቀረውም እዚህ ላይ ነው። ገዢ ሁሉ ቧንቧ ይከፍታል። ለምን እንደሚከፍት ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ እጁ ራሱ ይሄዳል። የሰፈርዎ ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ የጉብኝቱን ቀን የሚወስነው ደላላው ወይም ገዢው ሳይሆን ፈረቃው ነው። ሐሙስ ሌሊት የሚመጣ ከሆነ ቤትዎ ዓርብ ጠዋት ይታያል፤ “ዓርብ ብቻ ነው የሚመቸን” ይበሉ፣ ሥራ የሚበዛበት ቤተሰብ ያስመስላል። ሮቶውን እስከ አፉ ይሙሉ፤ ከማማው ላይ ሆኖ ባዶ ሲሆን እንደ ከበሮ ስለሚጮህ ሕፃናት በድንጋይ እንዳይመቱት ይጠንቀቁ። “ውኃ በየቀኑ ይመጣል?” ተብለው ሲጠየቁ “ታንከር አለን” ብለው ይመልሱ። ልብ ይበሉ፤ ጥያቄውን አልመለሱም፣ ግን አልዋሹም። ይህ አመላለስ ለሌላውም ጥያቄ ያገለግላል። “መብራት ይጠፋል?” “ጄኔሬተር ማቆሚያ ቦታ አለው።” “ጎርፍ ይገባል?” “ግቢው ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው።” “መጸዳጃው ከመስመር ጋር ተያይዟል?” “ግቢው ሰፊ ነው።”

መብራቱን በተመለከተ፣ ምጣድ ሲሰካ አምፖሎቹ የሚያፍሩ ከሆነ በጉብኝት ቀን እንጀራ አይጋገር። ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ካለዎት ግን ምንም ነገር ከማሳየትዎ በፊት ገዢውን ወደ ቆጣሪው ይውሰዱት። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ አያትዎ የተከሉትን የኮክ ዛፍ በዝምታ ያለፈ ገዢ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ፊት ሲደርስ ቆም ብሎ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሲያነሣ ያዩታል። ለምን መሰለዎት? የሚያነሣው ለእርስዎ ቤት አይደለም፤ በእርስዎ ቤት ፍርስራሽ ላይ ለሚቆመው ፎቅ ነው። ደግ ነገር ነው፤ ፊትዎን አያጥቁሩ።

ቡና ማፍላት ግዴታ ነው። ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ ገዢው ሲገባ ቡናው እየተቆላ ይገኝ። ቄጠማ ይጎዝጎዝ፤ ቄጠማ የተላቀቀ የወለል ንጣፍ ይሸፍናል፣ ቤቱንም የበዓል ያስመስላል። ዕጣኑ ልክ ይኑረው። ዕጣን ሲበዛ ገዢው “ምን ሊሸፍኑ ነው?” ብሎ ቀጥታ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ያመራል። አቦሉን በደስታ ይስጡ። ቶናው ላይ ሰዓትዎን አየት አየት ያድርጉ። በረካ ድረስ ማስቀመጥ ግን አደጋ ነው። በረካ የጠጣ ሰው ገዢ መሆኑ ቀርቷል። አገሩን ይነግርዎታል፤ ከእናትዎ አገር ጋር አንድ ወረዳ ሆኖ ይገኛል፤ አጎቱና አጎትዎ አንድ ማኅበር ይጠጡ እንደነበር ይደረስበታል። ከዚያ ስኒውን አስቀምጦ “እንግዲህ እማዬ፣ ለልጅዎ ነው የሚሸጡት” ይላል። እምቢ ካሉ ዘመድ አሳፍረዋል፣ እሺ ካሉ ቤት አራክሰዋል። ከዚህ ሁሉ ሁለተኛው ስኒ ላይ የሆነ ሰው በር ቢያንኳኳ ይሻላል፤ ጎረቤትዎን ያዘጋጁ።

ጎረቤት ስንል፣ ዕቃ ማስተካከል ቀላል ነው፤ ከባዱ ሰው ማስተካከል ነው። ቤትዎን በሺህ ቀለም ቢያሸበርቁት ገዢው ወጥቶ ጥጉ ላይ ካለችው ሱቅ ሶፍት መግዛቱ አይቀርም። ሶፍቱ ሰበብ ነው። “ይኼ ቤት እንዴት ነው?” ይላል ባለ ሱቁን። ባለ ሱቁ ቤቱን ሳይሆን የዱቤ ደብተሩን በዓይነ ሕሊናው ገልጦ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ከቀለም ቀቢው በፊት የሚከፈለው የሱቁ ዱቤ ነው። ጥበቃውም ከአንድ ቀን በላይ ፊት አይነሣ። የዕድር መዋጮ ውዝፍ ካለብዎት ያጠናቅቁ፤ ዳኛው መንገድ ላይ ከገዢው ፊት ቢያስቆምዎ የሚወራው ስለ ቀብር ነው።

ሰርቪሱ ውስጥ የተከራየው ሰው ደግሞ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ነው። ቤቱ ሲሸጥ ቀድሞ የሚወጣው እሱ መሆኑን ያውቃል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስላዘዘም፣ ዱሮ አንገቱን ደፍቶ ያልፍ የነበረው ተከራይ ዛሬ ውሉን አጣጥፎ ኪሱ ከቶ ነው በሩ ላይ የሚቆመው። ገዢው ሰላም ሲለው በትሕትና ይመልሳል፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው “ዘንድሮ እንኳ የጣሪያው ነገር ይሻላል” ይላል። በዚህች አንዲት “ይሻላል” ያለፉት አምስት ክረምቶች ተጠቃለው ቀርበዋል። ተከራዩን በጉብኝት ቀን ሲኒማ ይጋብዙት ብለን ልንመክር አስበን ነበር፤ ግን ሰውየው ሞኝ አይደለም። ቀርበው ያነጋግሩት፤ የመውጫ ጊዜውንና መጓጓዣውን ይስማሙ። ከምክራችን ሁሉ ምናልባት ቅንነት ያለበት ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

እናትዎ በሕይወት ካሉና እዚያው ቤት የሚኖሩ ከሆነ ነገሩ ይረቅቃል። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ገዢውን ከእግር እስከ ራሱ ካዩ በኋላ “ልጄ፣ ይህን ቤት ማን ይሸጣል ብሎህ መጣህ?” ይላሉ። ገዢው ወደ እርስዎ ይዞራል፣ እርስዎ ወደ ኮርኒሱ ይመለከታሉ። “እኔ ከዚህ ስወጣ በቃሬዛ ነው” ካሉ ደግሞ ጉብኝቱ አብቅቷል፤ ካፖርቱን አንሥቶ ይሄዳል። በጉብኝት ቀን ጠበል ይውሰዷቸው የሚሉ መካሪዎች አሉ። እኛ አንልም። ይልቅ ከደላላው ቀድመው እሳቸውን ያሳምኑ፤ ካልተሳካልዎት ገዢውም አይሳካለትም።

ደላላው፣ እንግዲህ፣ የዚህ ሁሉ ድግስ አጋፋሪ ነው። በልማድ ሁለት በመቶ ይጠይቃል፤ ከገዢውም የራሱን አይረሳም። አንድ ደላላ ነግረው አምስት ደላላ በአንድ ቪትዝ ተጭነው ሲመጡ አይደንግጡ፤ አንዱ ገዢውን የሚያውቅ፣ አንዱ ገዢውን የሚያውቀውን የሚያውቅ፣ አንዱ መኪናው የእሱ የሆነ ነው። የቀሩት ሁለቱ ምስክር ናቸው። አነጋገሩን ይልመዱ። “ገዢው እጄ ላይ ነው” ማለት ገና አልተገኘም ማለት ነው። “ለአስፋልት ቅርብ” ማለት አስፋልቱ ይሰማል ማለት ነው። ሚሊዮን የሚለውን ቃል በአፉ አያነሣም፤ “ሃያ ስምንት በላቸው፣ ሃያ አራት ይጨርሳሉ” ይላል፣ ስለ ሎሚ የሚወራ እስኪመስል። ቪዲዮውንም ለቴሌግራምና ለቲክቶክ የሚያነሣው እሱ ነው። የስልኩን ሰፊ ዓይን ተጠቅሞ ሦስት በሦስት የሆነችውን መኝታ ቤት አዳራሽ ያደርጋታል፤ በዚህ ጣልቃ አይግቡበት። እርስዎ የሚጠበቅብዎ ካሜራው ከመምጣቱ በፊት የልብስ ማጠቢያ ሳፋውን፣ ነጠላ ጫማዎቹንና ገመድ ላይ የተሰጣውን ካልሲ ማንሣት ነው። ካልሲ በቪዲዮ ላይ ዋጋ ይቀንሳል።

የሚሸጡት ኮንዶሚኒየም ከሆነ እስካሁን ያልነው አብዛኛው አይመለከትዎትም፤ አያፈርሱትምና። አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆኑ ግን አንድ ጥቅም አለዎት፤ ሊፍት ስለሌለ ገዢው ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ጥያቄ አያበዛም። ውኃ ከማቅረብዎ በፊት ዋጋውን ይንገሩት።

አሁን ሁሉ ተሰናድቷል። በሩ ግራጫ ነው፣ ሮቶው ሞልቷል፣ ሦስቱ ጋዋኖች ፊት ለፊት ተሰቅለዋል፣ ቡናው ይቆላል። ገዢው ይገባል። ሳሎኑን ከበሩ ላይ ሆኖ በአንድ ዓይኑ ያያል። ከዚያ ወጥቶ ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር በእርምጃው ይለካል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። መሐንዲሱ በዚያኛው ጫፍ ቆሞ ይጠብቀዋል። “ካሬው ስንት ነበር ያልከኝ?” ይላል ደላላውን። ከዚያ ወደ እርስዎ ዞሮ “ካርታው እጅዎ ላይ ነው?” ይላል። ስለ ስቱኮው አንድም ቃል አይወጣውም። አይዘኑ፤ ልማዱ ስለሚያስገድደው ሲሰናበትዎ “ቤቱ ጥሩ ነው” ማለቱ አይቀርም፤ ሕጉም በዚያች ቃል ይጠበቃል።

እንግዲህ ዓይን የሚሞላው የመጨረሻው ዕቃ ያ ወረቀት ነውና ጥቂት እንበልለት። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት ካልተፈረመ፣ ሽማግሌ ቢቀመጥበትም በግ ቢታረድበትም፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 ይይዘዋል። የጋራ ቤት ከሆነ የባል ፊርማ ያለ ሚስት፣ የሚስት ፊርማ ያለ ባል አይበቃም፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ሁለቱንም ይፈልጋል። ቀብድ ተቀብለው ሐሳብዎን ቢቀይሩ እጥፍ አድርገው ይመልሳሉ፤ ስለዚህ እናትዎ ከመስማማታቸው በፊት ቀብድ አይንኩ። ይዞታው ነባር ከሆነ ደግሞ ገዢው ለእርስዎ ስለ ቤቱ ከከፈለ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ስለ ቦታው ከመንግሥት ጋር የሊዝ ውል ይገባል። ይህን ስለሚያውቅ ከዋጋው ላይ ቀድሞ ይቀንሳል፤ እርስዎም ይህን እያወቁ ቀድመው ይጨምራሉ።

ብዙ ቤት ሳይሸጥ የሚቀረው በእርጥበት አይደለም። ቀለም ተቀብቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዋጋ ተቆርጦ፣ ካርታው ሲገለጥ ስሙ ከሃያ ዓመት በፊት ያረፉት አባት ሆኖ ይገኛል። ከወራሾቹ አንዷ ሮም፣ አንዱ ዱባይ፣ አንዱ ደግሞ ከተኳረፉ ወዲህ የት እንዳለ የማይታወቅ ነው። ስለዚህ ቀለም ቀቢው ነገ አይምጣ ይበሉትና ዛሬ ማታ ካርታውን ከሻንጣው አውጥተው ስሙን ያንብቡ። የእርስዎ ካልሆነ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማረጋገጫውን ይያዙ፤ ለእኅትዎም ዛሬውኑ ሮም ይደውሉላት።